አያት፣ የልጅ ጋሪና የፍልሰታ ስንቅ፦ በነሐሴ ሙቀት ዲዝኒ ወርልድ እንዴት እንደምንውል

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቁ 12፣ መካከለኛው 8፣ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት በጁን አጋማሽ ይዘጋና ኦገስት መጨረሻ ላይ ይከፈታል። በዚህ መሃል «ዲዝኒ መቼ ነው የምንሄደው?» የሚለው ጥያቄ ከቤታችን አይጠፋም።

ሁለት ጊዜ ሄደናል። የመጀመሪያው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር፤ አልሆነልንም። ፍሎሪዳ ያለውን የዲዝኒ ወርልድ አራቱን ፓርኮች በአራት ቀን ለማዳረስ ተነሳን። ያን ያህል ብር አውጥተን አንድም ነገር እንዳያመልጠን ብለን። በሦስተኛው ቀን መካከለኛው ልጄን ሙቀቱ አስመለሰው። ትንሿ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር፤ ጋሪዋ ውስጥ ሆና ስታለቅስ ዋለች። እኔና ባለቤቴ ሰልፍ ላይ ቆመን ተኳረፍን። የዚያን ጊዜ ፎቶዎች ሳይ የሁላችንም ፊት ያሳዝነኛል።

ባለፈው ሰመር ደግሞ እናቴን ይዘን ሄድን። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር፤ 71 ዓመቷ ነው። ሁለት ፓርክ ብቻ፣ ማጂክ ኪንግደምንና አኒማል ኪንግደምን መረጥን። በመሃል አንድ የዕረፍት ቀን አደረግን። ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለዚያኛው ጉዞ ነው። የምጽፍላችሁ ከሁለቱ የተማርኩትን ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ጠዋቱን አትልቀቁ፤ ቀትሩን ግን ልቀቁት። ሰዓት የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው።

መቼ ይሻላል?

ጁንና ጁላይ ሰው በሰው ነው። የመላው አሜሪካ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ግን ኦገስት 10 አካባቢ ይከፈታሉ። ያኔ የአካባቢው ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ሰልፉም ይቀልላል። የእኛ ልጆች ደግሞ ገና ሁለት ሳምንት አላቸው። ስለዚህ የምመርጠው ከኦገስት 12 በኋላ ያለውን ሳምንት ነው። ሙቀቱ ያው ነው፤ 33 ዲግሪ ይደርሳል፣ አየሩም ወበቅ ነው። ሰዉ ግን ይቀንሳል።

ያ ሳምንት ፍልሰታ ውስጥ ነው። ጾሙ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። እማዬ መጀመሪያ ቅር አላት። «በፍልሰታ ጭፈራ ቤት?» አለችኝ። ጭፈራ ቤት እንዳልሆነ አስረዳኋት። የንስሐ አባቷን በስልክ ጠየቀች። በዚያ ሙቀት ውሃ እንድትጠጣ፣ ቀትር ላይም እንድትቀምስ ነገሯት። ከዚያ ልቧ አረፈ። ፍልሰታ የልጆችም ጾም ስለሆነ መካከለኛው ልጄ «እኔም ከአያቴ ጋር እጾማለሁ» አለ። ስለዚህ ስንቃችን ሁሉ የጾም ሆነ። በኋላ እነግራችኋለሁ፤ እሱ ራሱ ጉዞውን አቀለለልን።

ትኬት

የዲዝኒ ትኬት ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል። የራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ካሌንደር አለ፤ ቀን ስትመርጡ ዋጋው ይወጣል። ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ትኬት ከ100 ዶላር በላይ ነው። ቀኑ ሲበዛ የቀን ሂሳቡ ይቀንሳል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። 10 ዓመት የሞላው እንደ አዋቂ ይከፍላል። ስለዚህ ልጃችሁ በቅርቡ 3 ወይም 10 ዓመት የሚሞላው ከሆነ ልደቱን ቆጥራችሁ ቀን ምረጡ።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። ከሰው ላይ የተረፈ ትኬት አትግዙ። በመጀመሪያው ጉዟችን አንድ ሰው «ሁለት ቀን የቀረው ትኬት አለኝ፣ በግማሽ ዋጋ ውሰጂ» አለኝ። ገዛሁ። በሩ ላይ ግን ጣት ያስነካሉ። ትኬቱ መጀመሪያ ከተጠቀመበት ሰው ጣት ጋር ተያይዟል። ማሽኑ አልቀበል አለ። ልጆቹ በሩ ወዲያ ያለውን ሙዚቃ እየሰሙ እኛ እንደ አዲስ ትኬት ገዛን። ብሩን ተውት፤ የልጆቹ ዓይን ነው ያቃጠለኝ።

ፍሪጅ ላይ ያለው ወረቀት

ከመሄዳችን ሦስት ሳምንት በፊት አንድ ነጭ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። የስድስታችንንም ስም ጻፍኩበት። እያንዳንዱ ሰው በየፓርኩ አንድ ነገር ብቻ ይመርጣል። አንድ ብቻ። ትልቁ ስፔስ ማውንቴን የሚባለውን፣ በጨለማ የሚበረውን ሮለር ኮስተር መረጠ። ትንሿ ልዕልት ማቀፍ። ባለቤቴ ርችት። እማዬ ብዙ አሰበችና «እንስሳቱን ካየሁ ይበቃኛል» አለች።

ይሄ ወረቀት ቀላል ይመስላል። ግን ቀኑን ሙሉ ጭቅጭቅ አስቀርቶልናል። ስድስት ነገር ከተሟላ ሌላው ሁሉ ምርቃት ነው። ልጅ «ያንንም፣ ያንንም» ሲል «የአያትህ ተራ ነው» ይባላል። ይገባዋል።

ወረቀቱን ከመሙላታችሁ በፊት ግን ልጆቻችሁን ለኩ። ብዙ መጫወቻ የቁመት ገደብ አለው። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ የሰባቱ ድንኮች የማዕድን ባቡር 97 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። የቲያና መርከብ 102፣ ስፔስ ማውንቴን 112፣ ትሮን የሚባለው አዲሱ ሞተር ብስክሌት 122። የሚለኩት ከነጫማ ነው። ጥቂት ጎደለ ብሎ የሚያሳልፍ የለም፤ የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ ትክክል ናቸው።

መካከለኛው ልጄ ትሮን ብሎ ጽፎ ነበር። የማዕድ ቤቱ በር ላይ አቁሜ በእርሳስ ለካሁት። 119 ሴንቲ ሜትር። ሦስት ሴንቲ ጎደለው። ጫማ አድርጎ እንደገና ለካሁት። አሁንም አልደረሰም። እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አቀፍኩት፤ እስኪወጣለት እንዲያለቅስ ተውኩት። በማግስቱ ራሱ ሰርዞ ሌላ ጻፈ። ፓርኩ ውስጥ በትሮን አጠገብ ስናልፍ ቀና ብሎ አየና «በሚቀጥለው» ብሎ ሄደ። እዚያው የመለኪያው እንጨት አጠገብ ግን አንድ የሱ እኩያ መሬት ላይ ተንከባሎ ያለቅስ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ተሰልፎ ነው የተመለሰው፤ እናቱም ታለቅስ ነበር። ልጆቻችሁን እቤት ለኩ።

መንገድና ማደሪያ

እኛ በመኪና ነው የሄድነው። በ95 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ ዴይቶና አጠገብ ወደ 4 ቁጥር አውራ ጎዳና መታጠፍ ነው። ሳይቆሙ 13 ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። በአንድ ቀን አትሞክሩት። እኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን የቨርጂኒያን የመኪና ጭንቅንቅ አለፍን፤ ሳቫና አደርን። በማግስቱ ቀትር ላይ ደረስን።

ያደርነው ዲዝኒ አጠገብ ባለችው ከተማ፣ ኪሲሚ ውስጥ ማዕድ ቤት ያለው ቤት ተከራይተን ነው። ለስድስት ሰው ከሆቴል ይረክሳል። ዋናው ግን ማዕድ ቤቱ ነው። ዲዝኒ ግቢ ውስጥ ካሉት ሆቴሎች የሚያድር ሰው ፓርኩ ለሌላው ሰው ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይገባል። ጥሩ ጥቅም ነው። ለሁለት ጎልማሶች ይሆናል። አያትና ጾመኛ ይዛችሁ ከሆነ ግን ምድጃ ይበልጣል።

ስንቅ

ዲዝኒ የራስህን ምግብ ይዘህ እንድትገባ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው አያውቅም። የማይፈቀደው የብርጭቆ ዕቃ፣ አልኮልና የተበተነ በረዶ ነው። ደረቅ በረዶም አይቻልም። ስለዚህ አዋዜው በፕላስቲክ ይሁን፤ በረዶው ደግሞ የታሸገ ይሁን።

እኔ ያገኘሁት ዘዴ ሱፍ ፍትፍት ነው። ማታ ሱፉን እቀቅላለሁ፣ እፈጫለሁ፣ በውሃ በጥብጬ አጠልላለሁ። ጨውና ትንሽ ዝንጅብል እጨምርበታለሁ። ነጩን የሱፍ ውሃ በሁለት ፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠርሙሱ እንዳይፈነዳ አራት ጣት ያህል አጉድሉለት። ጠዋት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ያንን ኩለሩ (የምግብ ማቀዝቀዣ ሳጥኑ) ውስጥ ከሌላው ምግብ ጋር አስገባዋለሁ። በረዶ መግዛት ቀረ። እሱ ራሱ ሌላውን ያቀዘቅዛል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ግማሹ ቀልጦ ይጠብቀናል። እንጀራውን ቆራርጬ በሌላ ዕቃ፣ ቃሪያና ሽንኩርቱን በሌላ እይዛለሁ። ስንበላ ነው የሚቀላቀለው። ነሐሴ ላይ፣ በዚያ ወበቅ፣ ቀዝቃዛ ሱፍ ፍትፍት የበላ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። የሚጾመውም የማይጾመውም ልጅ ሳህኑን ጠርጎ በላ።

ከዚህ ሌላ ምስር ወጥ በእንጀራ ጠቅልዬ በፎይል እይዛለሁ፤ እንደ ሳንዱች ይዘው ይበሉታል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለሰልፍ ነው። ሰልፍ ላይ ያለ ልጅ አፉ ከሠራ አይነጫነጭም። ብርቱካን ያዙ። ቸኮላት አትያዙ፤ ይቀልጣል።

በሩ ላይ ቦርሳ ይፈትሻሉ። ፈታሿ ጠርሙሱን አንስታ «ይሄ ምንድነው?» አለች። «የሱፍ ወተት» አልኳት። «ለጾም ነው» አለ መካከለኛው ልጄ፣ ደረቱን ነፍቶ። ፈገግ ብላ አሳለፈችን።

ውሃ አትግዙ። ለስላሳ የሚቀዳበት ማንኛውም ፈጣን ምግብ ቤት በረዶ ያለው ውሃ በኩባያ በነፃ ይሰጣል፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ልጁ ከመጠማቱ በፊት አጠጡት። እኛ በየግማሽ ሰዓቱ ነው፤ ትልቁ ልጄ በስልኩ ደወል ይሞላል።

ለጾመኛ ሌላም ነገር አለ። ዶል ዊፕ የሚባለው የአናናስ አይስክሬም ወተት የለውም። አናናሱን ብቻ በሉ፤ ከቫኒላ ጋር ከተቀላቀለ ወተት አለበት። የምግብ ዝርዝራቸው ላይም ከዕፅዋት ብቻ የተሠራው አረንጓዴ ቅጠል ምልክት አለው። እማዬ ያንን አይስክሬም ስትበላ መጀመሪያ ተጠራጠረች። ሦስት ጊዜ አስምላኝ ነው የቀመሰችው። ከዚያ «ለትንሿም አምጡላት» አለች፤ የራሷን ግን አላካፈለችም።

ማጂክ ኪንግደም፦ ጠዋቱን መያዝ

ይሄ በ1971 የተከፈተው የመጀመሪያው ፓርክ ነው፤ ልጅ ካላችሁ ዋናው እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓት ላይ ነው። መኪና ማቆሚያውና የፓርኩ በር መሃል ሐይቅ አለ። መኪና አቁማችሁ፣ ተፈትሻችሁ፣ ከዚያ በጀልባ ወይም በሞኖሬል ትሻገራላችሁ። ለዚህ ብቻ 45 ደቂቃ ያዙ። ፓርኩ 3 ሰዓት ላይ የሚከፈት ከሆነ፣ 1 ሰዓት ከቤት መውጣት ነው። መኪናውን እንዳቆማችሁ የረድፉን ቁጥር ፎቶ አንሱ። ማታ ይሄ ፎቶ ከወርቅ ይበልጣል።

እኛ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ጋ ነበርን። ሲከፈት ቀጥታ ወደ ድንኮቹ ባቡር ሄድን። ቀን ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያሰልፈውን ያኔ በሃያ ደቂቃ ጨረስነው። ከዚያ «ፒተር ፓን»፣ ከዚያ «ትንሿ ዓለም» የሚባሉትን መጫወቻዎች። እስከ 5 ሰዓት ድረስ ከወረቀቱ ላይ አራቱ ተሰርዘዋል። ረፋድ ላይ ገብቶ ሁለት መጫወቻ ብቻ አይቶ የሚወጣ ቤተሰብ አለ። ልዩነቱ እንቅልፍ ነው።

ገንዘብ ከፍሎ ሰልፍ የሚያሳጥር ነገርም አለ፤ ላይትኒንግ ሌን ይባላል። በዲዝኒ የስልክ አፕ ላይ ሦስት መጫወቻ ከነሰዓታቸው ትመርጣላችሁ፤ አንዱን ስትጠቀሙ ሌላ ትጨምራላችሁ። ውጭ የሚያድር ሰው ከሦስት ቀን በፊት፣ የዲዝኒ ሆቴል እንግዳ ከሰባት ቀን በፊት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መያዝ ይችላል። የሚከፈለው በሰው ስለሆነ ለስድስት ሰው ይከብዳል። የእኔ ምክር፦ ማጂክ ኪንግደም አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ መጫወቻ ለሚወዱት ልጆችና ለአንድ ወላጅ ብቻ ግዙ። አያትና ትንሿ አያስፈልጋቸውም። አኒማል ኪንግደም ላይ ደግሞ ጭራሽ አልገዛሁም፤ በማለዳ ከገባችሁ ይበቃል።

ትንሽ ልጅ ካላችሁ «ራይደር ስዊች» ብላችሁ ጠይቁ። ነፃ ነው። ቁመቱ ያልደረሰውን ልጅ አንዱ ወላጅ ይዞ ይጠብቃል፤ ሌላው ገብቶ ሲወጣ የጠበቀው ሰው እንደ አዲስ ሳይሰለፍ ይገባል። እኔና ባለቤቴ ስፔስ ማውንቴንን በዚህ ነው ሁለታችንም ያየነው። ትልቁ ልጄ ሁለቴ ገባ።

ቀትሩን መልቀቅ

ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ የናንተ አይደለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ አስፋልቱ ይነዳል፣ ሰልፉም የሚረዝመው ያኔ ነው። ብዙዎች ወደ ቤት ሄዳችሁ ተኙ ይላሉ። ከማጂክ ኪንግደም ግን ሐይቁን ተሻግሮ ኪሲሚ ደርሶ መመለስ ራሱ ሁለት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ እኛ እዚያው ውስጥ ጥላ ፈለግን። መጀመሪያ ምሳ። ከዚያ ኤሲ ያለባቸው፣ ቁጭ የሚባልባቸው ቤቶች። የፕሬዚዳንቶች አዳራሽ የሚባለው ቲያትር ቤት ሰፊ ነው፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ነው። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ እዚያ ሸለብ አደረጋት። ትንሿም ጭኗ ላይ ተኛች። ኤሲው ይበርዳል፤ ነጠላ ወይም ስስ ሹራብ ያዙ። ከዚያ ፒፕል ሙቨር የሚባለውን፣ ከፍ ብሎ በነፋስ የሚዞረውን ቀስተኛ ባቡር ተሳፈርን። የቁመት ገደብ የለውም። አያት ካላችሁ ይሄን አትዝለሉ።

9 እና 10 ሰዓት መሃል ዝናብ ይመጣል። የፍሎሪዳ ነሐሴ እንደ አዲስ አበባ ነሐሴ ነው፤ መብረቅና ነጎድጓድ አለው። መብረቅ ሲቀርብ ውጭ ያሉ መጫወቻዎች ይቆማሉ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ይሮጣል። አትሩጡ። ጣሪያ ሥር ግቡ፣ ቆሎ ብሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ሲያባራ ፓርኩ ግማሽ ይሆናል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። የእኛ ቀን ሁለተኛው ጠዋት ያኔ ነው የጀመረው። የዝናብ ልብስ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ይወደዳል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጥንድ ትርፍ ካልሲም ያዙ። በእርጥብ ካልሲ የተራመደ ልጅ እግሩ ይላጣል።

ዊልቸር

እማዬ በቀን አሥር ሺህ እርምጃ መሄድ አትችልም። እኔ ራሴ አልችልም። በየፓርኩ መግቢያ ዊልቸር ይከራያል፤ ቀድሞ ለመጣ ነው። ግን እሺ አላለችም። «እግሬን ምን ሆንኩና?» ብላ ተቆጣች። አልተከራከርኳትም። «እማዬ፣ ስንቁን የምንይዝበት ነው» አልኳት። እውነትም ኩለሩን አስቀመጥንበት፤ እየገፋችው ሄደች። መደገፊያ ሆናት። 5 ሰዓት ላይ ኩለሩን ራሷ አውርዳ ለባለቤቴ ሰጠችውና ተቀመጠች። ማንም ምንም አላለም። ወላጆቻችንን ይዘን ስንሄድ ክብራቸውን ጠብቀን ማሳረፍ አለብን። ይሄን ከሁሉ በላይ ከልቤ ነው የምለው። ለልጆቹ ብለው ዝም ብለው ይራመዳሉ፤ ማታ እግራቸው አብጦ ነው የምናየው።

የልጅ ጋሪም ለ4 ዓመት ልጅ ያስፈልጋል። እቤት የተወችው ቢሆንም ያዙ። መጫወቻ ጋ ስትገቡ ጋሪው ውጭ ይቆማል፤ ሠራተኞች ቦታውን ያዛውሩታል። ስትወጡ ሁለት መቶ ጥቁር ጋሪ ይጠብቃችኋል። እኔ የአሮጌ ቀሚሴን ጥለት ቀድጄ እጀታው ላይ አሰርኩ። አረንጓዴና ቀይ ጥለት ከሩቅ ይታያል። ትንሿ ራሷ «የኛ ያውና!» እያለች ትጠቁመን ነበር።

ልጅ እንዳይጠፋ

ጠዋት ጠዋት ስልክ ቁጥሬን ክንዳቸው ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ላብ ሲያጠፋው ቀትር ላይ እደግመዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ትንሿን «የእናትሽ ስም ማነው?» ብዬ ብጠይቃት «እማዬ» አለችኝ። ሌላ ስም የላትም። ለፈረንጅ ሠራተኛ «እማዬ» ብትል ማን ያውቃል? ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ዘፈን አድርገን የእኔንና የአባቷን ሙሉ ስም አስጠናናት። ከጠፋሽ ቁሚ፣ አትሂጂ፣ ደረቱ ላይ የስም ባጅ ያለበትን ሰው ጥሪ አልናት። በየፓርኩ የሕፃናት መንከባከቢያ ክፍል አለ፤ ካርታው ላይ ቦታውን አስቀድማችሁ እዩ። ጡት ለማጥባትና ዳይፐር ለመቀየርም ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ቦታ እሱ ነው።

አኒማል ኪንግደም

ለእማዬ የሄድነው እዚህ ነው። ይሄ ፓርክ ብዙ ጊዜ ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ መኪና ማቆሚያውም ቅርብ ነው። ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ የሚባለውን መጀመሪያ ያዙ። ጎኑ ክፍት በሆነ ትልቅ መኪና ወደ 20 ደቂቃ ያህል ትዞራላችሁ። ጠዋት ስለሚቀዘቅዝ እንስሳቱ ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ ይተኛሉ።

ቀጭኔ አየን፣ ዝሆን አየን። ልጆቹ ጮኹ። እማዬ ዝም ብላ ታያለች። ከዚያ መኪናው ሲታጠፍ ቀንዳቸው ክንድ የሚያህል፣ ወደ ላይ የቆመ ከብቶች መንገድ ዳር ቆመው ነበር። አንኮሌ ይባላሉ፤ የኡጋንዳ አካባቢ ከብት ነው። እማዬ ያደገችው ቆቦ ነው። የመቀመጫውን ብረት ጭምቅ አድርጋ ያዘችና «እሰይ! የራያ ሰንጋ!» አለች። ከፊታችን ያሉት ሰዎች ዞረው አዩን። ለመካከለኛው ልጄ አባቷ በሬዎቻቸውን በምን ስም ይጠሩ እንደነበር ነገረችው። እኔ ራሴ ያንን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከሳፋሪው ስንወርድ ልጁ «አያቴ፣ ሌላኛው በሬ ስሙ ማን ነበር?» እያለ ይከተላታል። ከአንበሳው ይልቅ በሬው በለጠበት።

ያን ቀን 7 ሰዓት ላይ ወጣን፤ ተመልሰን አልገባንም። ኪሲሚ ገብተን ሁሉም ተኛ፤ ማታ ልጆቹ ገንዳ ውስጥ ዋኙ። ትኬቱ እስከ ማታ ይሠራ ነበር። አልቆጨኝም። ፓርኮቹን በዚህ መልክ አዘዋውሩ፦ ቀላሉን ቀን መጀመሪያ፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ረጅሙን ማጂክ ኪንግደም መጨረሻ።

ማታ

የማጂክ ኪንግደሙ ርችት የባለቤቴ ምርጫ ነበር። ሰው ሁሉ ርችቱ ሊጀምር አንድ ሰዓት ሲቀረው የፓርኩ ቤተ መንግሥት ፊት ቦታ ይይዛል። ያን ጊዜ መጫወቻዎቹ ጋ ያለው ሰልፍ ይቀንሳል። ትልቁ ልጄን ላኩት፤ እሱ ሁለት ነገር ጨምሮ መጣ። ፓርኩ ከመዘጋቱ በፊት ሰልፍ የያዘ ሰው ይገባል። ለትልልቅ ልጆች ይሄን ንገሯቸው።

ትንሽ ልጅ የርችት ድምፅ ያስደነግጣል። የእኛዋ ጆሮዋን በአያቷ ነጠላ ሸፈነች። ከፊት አትቁሙ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ መውጫው ባለው መንገድ ዳር ቁሙ። ሰማዩ ከዚያም ይታያል።

ሲያልቅ ግን አትነቃነቁ። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ ጀልባውና ሞኖሬሉ ይጎርፋል። በዚያ ግፊያ ውስጥ ጋሪና ዊልቸር መግፋት አይቻልም። እኛ መንገዱ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የቀረውን ዳቦ ቆሎ አወጣን። ትንሿ ተኝታለች፤ እማዬ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዊልቸሩ ላይ ዘርግታለች። 40 ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ፣ ጀልባውም ሳያጋፋ አሳፈረን። መኪና ማቆሚያው ሜዳ ሙሉ ጨለማ ነው፤ መኪናው ሁሉ አንድ ይመስላል። ባለቤቴ ስልኩን አወጣና ጠዋት ያነሳውን የረድፍ ቁጥር ፈለገ።